ስለ ጠብና ስለ ጠባብ ስፍራ

ጠብ በተነሣ ጊዜ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን ጀመረ?» ብሎ ነው። ጀማሪው ከታወቀ በኋላም «ጠባዩ ክፉ ነው» ተብሎ ይፈረድበትና ነገሩ ያለቀ ይመስላል። እኔም በአስተማሪነት በኖርሁበት ዘመን ይኸ ጥያቄ በፊቴ ሳይቀርብ የዋለበት ቀን ጥቂት ነው። ነገር ግን ከእርሱ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ስፍራው እንዴት ተዘጋጅቶ ነበር?» የሚለው ነው። በአማርኛችን ጠብና ጠባብ በድምፅ የተቀራረቡ ቃላት ናቸው። ምንጫቸው አንድ ነው ብዬ አልከራከርም፤ ሁለቱ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ቤት ሲኖሩ አይቻለሁ።

ይኸንን ነገር ለወጣቶች ለማስረዳት ከሰው ይልቅ በዓሣ መመሰልን መረጥሁ። ምክንያቱም የሰው ጠብ ሲተረክ ሰሚው ወዲያው ወደ አንዱ ወገን ያዘነብላል፤ ከዓሦች መካከል ግን ዘመድ የለንምና ነገሩን ሳናዳላ ለማየት ይቻለናል።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ከምትኖረው ልጄ ዘንድ ተቀመጥሁ። ልጄና ባሏ ማለዳ ወደ ሥራቸው፥ የልጅ ልጄም ወደ ትምህርት ቤቷ ሲሄዱ በቤት የምንቀረው እኔና ዓሦቹ ነን። አማቼ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ያቆመው የመስተዋት ገንዳ ርዝመቱ 180 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ የሚይዘውም ውሃ 470 ሊትር ያህል ነው። ውሃው የባሕር ውሃ እንዲሆን በያንዳንዱ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይገባበታልና ገንዳውን አንድ ጊዜ ለመሙላት ብቻ ከ16 ኪሎ የማያንስ ጨው ያስፈልጋል። ጨው ስልም የወጥ ጨው አይደለም፤ በባሕር ውስጥ የሚገኙት ልዩ ልዩ ማዕድናት በልክ የተቀመሙበት ነው። እንግዲህ ውሃውን መለካትና ማጣራት፥ ሙቀቱንም መጠበቅ አድካሚ ቢሆንም በመሣሪያ የሚፈጸም ሥራ ነው። በመሣሪያ የማይፈጸመው በውስጡ ያሉትን ፍጥረቶች አስማምቶ ማኖር ነው።

በገንዳው የሚኖሩት ጥቂት ናቸው። ነጭ መቀነት የታጠቁ የሚመስሉ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች አሉ፤ ክላውንፊሽ ይሏቸዋል። በአሸዋው ውስጥ ጎቢ የሚባል ትንሽ ዓሣ ከአንድ ሽሪምፕ ጋር ይኖራል። ዶሚኖ የሚባል፥ ጥቁር ሆኖ ሦስት ነጭ ነጥብ ያለው ዓሣም ነበረ። የሁሉ የበላይ ግን ታንግ ከሚባሉት ወገን የሆነው ሐምራዊው ዓሣ ነው። እርሱ የጎረቤታችን የቀይ ባሕር ልጅ ነው፤ አካሉ ሐምራዊ፥ ጅራቱም ብጫ ነው። ይኸ ወገን በእንግሊዝኛ «ቀዳጅ ሐኪም» ተብሎም ይጠራል፤ በጅራቱ ሥር በግራና በቀኝ እንደ ምላጭ የሰላ ስለት አለውና በተቆጣ ጊዜ ጅራቱን እየወረወረ ባላጋራውን ይቀድድበታል።

እንዲህ ያለ ስለት ታጥቆ ሳለ የሚበላው ግን በድንጋይ ላይ የሚበቅለውን የባሕር ሣር ነው። ሥጋ የማይበላ ፍጥረት ስለ ምን እንዲህ ይቆጣል? ቢሉ መልሱ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ከብት አርቢ የግጦሹን መስክ እንደሚጠብቅ እርሱም የሣሩን ድንጋይ ይጠብቃል። ስለዚህ በማንኛውም ዓሣ ላይ እኩል አይቆጣም፤ አብዝቶ የሚቆጣው እርሱ የሚበላውን በሚበላ፥ እርሱ የሚያድርበትን ዋሻ በሚመኝ፥ መልኩም በሚመስለው ላይ ነው። ኮንራድ ሎሬንዝ የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ጠብ ባሳተመው መጽሐፍ ገና ከመጀመሪያው የኮራል ባሕር ዓሦችን አንሥቶ ይኸንኑ አስረድቷል፤ ዓሣ ከባዕድ ይልቅ ከገዛ ወገኑ ጋር አብዝቶ ይጣላል።

በባሕር ሳሉ ይኸ ጠባይ ብዙ ጊዜ ለሞት አያደርስም። አንዱ የሌላውን ድንበር ቢደፍር ባለቤቱ ጥቂት አባሮት ይመለሳል፤ የተባረረውም ድንበሩን ሲሻገር ነገሩ ያልቃል። በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ግን የተሸነፈው የሚሄድበት አገር የለውም። አሸናፊው ዘወር ባለ ቁጥር ያንኑ ባላጋራ በፊቱ ያገኘዋል፤ ለአባራሪው ደግሞ ያልሸሸ ጠላት ገና ያልተሸነፈ ጠላት ነው። ስለዚህ በባሕር ሩብ ደቂቃ የማይሞላው ጠብ በገንዳ ሌሊትና ቀን ይቀጥላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የዓሣው ጠባይ በሁለቱም ስፍራ አንድ ነው። የተለወጠው ስፍራው ነው፤ ስፍራውንም ያጠበበው ዓሣው ሳይሆን ሰው ነው።

ይኸንን በሐሳብ ብቻ ሳይሆን በዓይኔ ለማየት ያበቃኝ አንድ አደራ ነው። የልጄ የሥራ ባልደረባ ወደ ሌላ ግዛት ስትዛወር ለብዙ ዓመት ያሳደገችውን ብጫ ታንግ ይዛ ለመሄድ አልቻለችምና ለልጅ ልጄ አደራ ብላ ሰጠቻት። ብጫው ታንግ በሃዋይ ደሴቶች ባሕር የታወቀ ሲሆን ከሐምራዊው ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች እነዚህ ሁለቱ በአንድ ቀን አብረው ይግቡ፥ አለዚያም በአንድ ገንዳ አይኑሩ ብለው ይመክራሉ። ሐምራዊው ግን ገንዳውን ለብቻው ከያዘ 2 ዓመት አልፎት ነበር። አደራው ደግሞ አደራ ነው፤ መልሰን የምንሰጠው ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ እንግዳውን በሌላ ትንሽ ገንዳ ለ4 ሳምንት አቆየነው፤ ይኸውም ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው የዓሣ በሽታ ቢኖርበት ወደ ሌሎቹ እንዳይተላለፍ ነው። ከዚያም በየጎኑ ቀዳዳ ባለው ጥርት ባለ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ አድርገን በትልቁ ገንዳ ውስጥ ሰቀልነው፤ እየተያዩ እንዲለማመዱ ነው። ሐምራዊው በሣጥኑ ዙሪያ እየተመላለሰ ጅራቱን በፕላስቲኩ ላይ ይወረውር ጀመር። በ5ኛው ቀን ረገብ ያለ ስለ መሰለ ቤተ ሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ እንግዳውን ለቀቅነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የብጫው የጀርባ ክንፍ ተቀደደ፤ በውሃው ማጣሪያ ጀርባ ተሸጉጦም በአንድ ጎኑ ተጋደመ። ወዲያው በመረብ አውጥተን ወደ ሣጥኑ መለስነው።

አማቼ ተቆጥቶ «ይኽን አውሬ ለባለሱቁ መልሰን እንገላገል» አለ። የልጅ ልጄ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወደ እኔ ዞረችና «አባባ፥ ይኼ ዓሣ ክፉ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ክፉስ አይደለም ልጄ፥ ባለቤት ነው» አልኋት። «እርሱ ሲገባ ባዶ አገር አግኝቶ ያዘ። ዛሬ አንድ ባላገር ማልዶ ቢነሣ በግጦሹ መካከል የማያውቀው ሰው ጎጆ ሠርቶ ቢያገኝ ምን ይላል?»

«ታዲያ ብጫው ምን አጠፋ?» አለች።

«ምንም አላጠፋም። ሁለቱም ሳያጠፉ ጠብ ሊነሣ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሥራው የፈራጅ ሳይሆን የአዘጋጅ ነው።»

ከዚህ በኋላ ነገሩን ገለበጥነው። ሐምራዊውን በመረብ ማሳደድ ሌሎቹን ማሸበር ስለ ሆነ፥ የደረቀ የባሕር ሣር በባዶው ሣጥን ውስጥ አስረን በሩን በገመድ ይዘን ጠበቅን። እርሱም ለሆዱ ሲል ራሱ ገባና ገመዱን ለቀቅን። አሁን የታሰረው አሮጌው ባለቤት ሆነ፤ ብጫው ግን እየዋኘ አገሩን ማወቅ ጀመረ። ቀጥለንም ድንጋዮቹን ሁሉ አነሣን። በመካከል ተከምረው የነበሩትን በሁለት ጫፍ ለየናቸው፤ አንዱ በአንደኛው ጫፍ ሆኖ ሌላውን እንዳያይ በመካከላቸው ከፍ ያለ ድንጋይ አቆምን፤ ዋሻዎቹንም አበዛን። ሣሩንም በአንድ ስፍራ መስጠት ትተን በሁለቱም ጫፍ፥ በአንድ ሰዓት እንሰጥ ጀመር። ብዙ ሰው ዓሣን ለማስታረቅ ሲነሣ የሚረሳው ይኸንን የመጨረሻውን ነገር ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን እርሱ ነው። የተራበ ፍጥረት ድንበሩን ያሰፋል፤ የጠገበ ግን ያጠብባል።

በ7ኛው ቀን ማታ መብራቱን አጥፍተን ሐምራዊውን ለቀቅነው። ሲነጋ ያደረበት ዋሻ አልነበረም፤ የሚያውቀው ድንጋይ ሁሉ ስፍራውን ለቋል። ስለዚህ ጠዋቱን ሙሉ የዋለው በማባረር ሳይሆን ቤት በመፈለግ ነበር። ከቀትር በኋላ ሁለቱ ተገናኝተው ክንፋቸውን አቆሙ፤ ጎን ለጎን ሆነው ተለካኩ፤ ጥቂትም ተባረሩ። ነገር ግን ብጫው ከመካከለኛው ድንጋይ በስተጀርባ በዞረ ጊዜ ሐምራዊው ፈልጎ አጥቶት ተመለሰ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ አንዱ የቀኙን፥ ሌላው የግራውን ጫፍ ያዘ። ወዳጆች ሆኑ ብዬ አልጽፍም፤ እስከ ዛሬም ድረስ ሲተላለፉ ክንፋቸውን ያቆማሉ። የተቀደደው ክንፍ ግን ድኗል፤ ሌላ ቁስልም አላየንም። እኔም አደራ ተጠበቀ ማለት ይኸ ነው እላለሁ።

እንዲህ ሲባል ግን ማናቸውም ጠብ በዝግጅት ይበርዳል ማለት አይደለም። ዶሚኖው በተገዛ ጊዜ ከሳንቲም የማይበልጥ፥ ለዓይን የሚያምር ነበር። ይኸ ዓሣ ሲያድግ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፤ ቁጣውም ከቁመቱ ጋር ያድጋል። ድንጋዩን ሁለት ጊዜ ለወጥንለት፤ በሣጥኑም ለየት አድርገን አቆይተን መለስነው፤ ምግቡንም አበዛንለት፤ አልተለወጠም። ገንዳውን ሳጸዳ የእኔን እጅ እንኳ ሳይፈራ ይነክስ ነበር። ትንሿን ጎቢ ከጉድጓዷ እንዳትወጣ ስለ ከለከላት ሆዷ ወደ ውስጥ ገባ። በዚህን ጊዜ አማቼ ብርቱ ብርቱ ዓሦችን በትልቅ ገንዳ ለሚያረባ ሰው ሰጠው፤ እኔም ተስማማሁ። ለጉልበተኛው መታገሥ ደግነት ይመስላል፤ የትዕግሥቱን ዕዳ የሚከፍለው ግን ደካማው ነው። መለየትም ሁልጊዜ ጥላቻ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ለሁለቱም የሚሆን ስፍራ መፈለግ ነው።

እዚህ ላይ አስተማሪነቴ አንድ ነገር እንድጨምር ያስገድደኛል። በገንዳ ውስጥ ጠብ መኖሩን ለማወቅ የሚያባርረውን ከማየት ይልቅ ዝም ያለውን ማየት ይሻላል። ከውሃው በላይኛው ጥግ ተጠግቶ የሚቆም፥ ምግብ ሲመጣ የማይቀርብ፥ ክንፉ የተቦጫጨቀ፥ ቶሎ ቶሎም የሚተነፍስ ዓሣ ካለ ሌሊት ሌሊት የሚያሳድደው አለ ማለት ነው። አንዳንዱም ጭንቀቱ ሲበዛበት ከገንዳው ዘሎ ይወጣና ወለል ላይ ይሞታል፤ ስለዚህ ገንዳው በመረብ ይከደናል። በትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። የሚጮኸውን ልጅ ሁሉ ያየዋል። ግድግዳ ተጠግቶ ብቻውን የሚቆመውን፥ ምሳውን ይዞ የማይበላውን ልጅ ግን የሚያየው የሚፈልገው ሰው ብቻ ነው።

አባቶቻችን ከተዋደዱ የነብር ቆዳ ለአምስት ይበቃል ይሉ ነበር። ይኸ ተረት ከላይ ካልሁት ጋር የሚጋጭ የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ ግን ያንኑ ተረት በጎቢዋ ቤት ሲፈጸም አየሁት። አብሯት የሚኖረው ሽሪምፕ ዓይኑ ደካማ ነው፤ ቁፋሮ ግን ያውቃልና ቀኑን ሙሉ አሸዋ እያወጣ ጉድጓዱን ያድሳል። ጎቢዋ መቆፈር አታውቅም፤ ዓይኗ ግን ንቁ ነውና በበሩ ላይ ትጠብቃለች። ሽሪምፑ ከጉድጓድ በወጣ ቁጥር አንዱን የአፍንጫውን ጭራ በጎቢዋ ላይ ያሳርፋል፤ አደጋ ሲመጣ እርሷ ጅራቷን ታወዛውዛለች፤ ሁለቱም ወዲያው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ያ ጉድጓድ ከገንዳው ስፍራ ሁሉ የጠበበ ነው፤ ጠብ ግን አይቼበት አላውቅም። እንግዲህ የነብር ቆዳ ለአምስት የሚበቃው አምስቱ ሥራቸውን የተካፈሉ እንደ ሆነ፥ አንዱም የሌላውን ጥቅም ያወቀ እንደ ሆነ ነው።

ክላውንፊሾቹም የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ሁሉም ሲወለዱ ወንድ ናቸው፤ ከመካከላቸው ትልቁና ብርቱው ወደ ሴትነት ይለወጣል። ትንሹ በትልቋ ፊት ሲቀርብ ሰውነቱን ያንቀጠቅጣል፤ እርሷም ይኸንን እንደ እጅ መንሻ ተቀብላ ታልፈዋለች። ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ክላውንፊሾች ሲገቡ ግን ማን ቀዳሚ እንደ ሆነ እስኪለይ ድረስ ይናከሳሉ። ይኸንን ስል ደካማ ሁሉ በብርቱ ፊት ይንቀጥቀጥ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ትንሽ የአክብሮት ምልክት፥ ከመቀመጫ ብድግ እንደ ማለትና አስቀድሞ ሰላምታ እንደ መስጠት ያለው፥ ምንም ሳያስወጣ ትልቅ ጠብ እንደሚያስቀር ከእነርሱ መማር ይቻላል።

አሁን ወደ ሰው ልመለስ። በ1960ዎቹ ዓመታት በሚስዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሳለሁ በመኝታ ቤታችን የነበረው የዕለት ተዕለት ጠብ በሳሙናና በካልሲ ነበር። ኃላፊው ለየልጁ ቁልፍ ያለው ትንሽ የእንጨት ሣጥን አሠርቶ በየአልጋው ሥር ባኖረ ጊዜ ያ ጠብ ያለ ስብከትና ያለ አርጩሜ ቀነሰ። ጠባያችን በአንድ ሳምንት አልተለወጠም፤ ለእያንዳንዳችን «የእኔ» የምንለው ጥቂት ስፍራ ተሰጠን እንጂ።

በዚህ በሜሪላንድም ስድስት ሆነው ሁለት ክፍል የተከራዩ የአገራችን ወጣቶች ተጣልተው ለሽምግልና ጠርተውኝ ነበር። ሁሉም ከመልካም ቤት የወጡ፥ ለአገር ቤት ወላጆቻቸው ገንዘብ የሚልኩ ልጆች ናቸው። እኔም ማን እንደ ጀመረ ከመስማቴ በፊት ቤቱን አሳዩኝ አልሁ። ሌሊት የሚሠራውና ቀን የሚተኛው ልጅ አልጋ በወጥ ቤቱ በር አጠገብ ነበር። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ምግብ የማን እንደ ሆነ የሚታወቅበት ምልክት አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ሦስቱ በአንድ ሰዓት ወደ አንድ መታጠቢያ ቤት ይሽቀዳደማሉ። ስለዚህ አስቀድመን አልጋውን አዛወርን፤ በማቀዝቀዣው እርከኖች ላይ ስም ጻፍን፤ የመታጠቢያውን ሰዓት ተራ አወጣን። ይቅርታው ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነ። ከዚህ ሥርዓት በኋላ ስምምነቱን እያወቀ የሚያፈርስ ቢገኝ ግን እርሱ የዶሚኖው ነገር ነውና ሌላ ቤት ይፈለግለት አልኋቸው።

ሰው ግን ዓሣ አይደለም። ሎሬንዝም የእንስሳን ጠብ ወስዶ በሰው ላይ በመመሰሉ ብዙ ሊቃውንት ተቃውመውታል። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ በስፔን አገር በሴቪል ከተማ 20 ሊቃውንት ባወጡት መግለጫ ጦርነት በተፈጥሯችን የተጻፈ ዕጣ ነው ማለት በሳይንስ በኩል ስሕተት መሆኑን አስታውቀዋል። ዓሣ ድንጋዩን ራሱ ሊያዛውር፥ ሣጥኑንም ራሱ ሊሰቅል አይችልም፤ ውጭ ሆኖ የሚያስብለት ይፈልጋል። ሰው ግን በገንዳው ውስጥ የሚኖረውም፥ ገንዳውን የሚያዘጋጀውም እርሱ ራሱ ነው። አንደበት ስላለውም «ስፍራ ጠበበኝ» ብሎ ሳይናከስ ለመናገር ይችላል።

ስለዚህ ልጆቼ ሆይ፥ ነገ በቤት፥ በክፍል፥ በመሥሪያ ቤት ወይም በአገር ላይ ሰዎችን አብሮ የማኖር ኃላፊነት ሲደርሳችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ስፍራውን ዞራችሁ እዩ። ምግቡ በአንድ ጥግ ብቻ የሚሰጥ እንደ ሆነ፥ ደካማው ዞር የሚልበት ድንጋይ የሌለው እንደ ሆነ፥ ቀድሞ የገባው ሁሉን ይዞት እንደ ሆነ መርምሩ። ይኸን ሁሉ አስተካክላችሁ ጠቡ ካልቀረ ያን ጊዜ ስለ ጠባይ ለመናገር ይገባችኋል። ሌላው ባዘጋጀው ጠባብ ስፍራ የምትኖሩ እንደ ሆነም በአጠገባችሁ ያለውን ባልንጀራ ከመንከሳችሁ በፊት፥ ጠባችሁ ከእርሱ ጋር ነው ወይስ ከግድግዳው ጋር ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።